ስለ ሴቶችና ስለ ኮምፒውተር ትምህርት፤ በየአገሩ ልማድ ስለሚከፈትና ስለሚዘጋ ደጅ የተደረገ ዲስኩር



ዛሬ ማታ በፊታችሁ ቆሜ እንድናገር የታዘዝሁበት ጉዳይ፣ በየአገሩ ዩኒቨርሲቲ ገብተው የኮምፒውተር ሳይንስን የሚማሩ ሴቶች ቍጥር በአንዱ አገር እጅግ ከፍ ብሎ፣ በሌላው አገር ደግሞ እጅግ ዝቅ ብሎ የሚገኝበት ምክንያት ምን እንደ ሆነ መመርመር ነው። ነገሩ ላይ ላዩን ሲያዩት ለመዝገብ ቤት ሹማምንት የተተወ፣ በሠንጠረዥ ተጽፎ በመደርደሪያ የሚቀመጥ ደረቅ የቍጥር ሥራ ይመስላል፤ ጠጋ ብለው ሲመረምሩት ግን፣ አንድ ሕዝብ ስለ ሴት ልጅ ክብር፣ ስለ እንጀራ፣ በቤት ውስጥና ከቤት ውጭ ስለሚሠራ ሥራ በልቡናው የያዘውን አሳብ ሁሉ፣ ሕዝቡ ራሱ ሳያስበው ገልጦ የሚያሳይ ሆኖ ይገኛል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውስና ወደ ነገሬ ልግባ።

ሴቶች ከወንዶች በልጠው የሚታዩበት የኮምፒውተር ትምህርት ክፍል በየት አገር ይገኛል ተብሎ ቢጠየቅ፣ አብዛኛው ሰው የሴቶች መብት በሕግም በኑሮም የተከበረባቸውን የሰሜን አውሮፓ አገሮች፣ ወይም ይህ ጥበብ ያደገባትን አሜሪካን መጥራቱ አይቀርም። እውነቱ ግን ከዚህ የራቀ ነው። በኖርዌይ በትሮንድሃይም ከተማ ባለው ታላቅ የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ፣ በ1990ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ኮምፒውተር ለመማር ከሚገቡት ከአሥሩ አንዷ እንኳ ሴት አልነበረችም፤ ከዚያው ዩኒቨርሲቲ የተነሡት ተመራማሪ ቪቪያን ላገሰን ወደ ማሌዢያ ወርደው በኩዋላ ላምፑር የሚገኘውን የማላያ ዩኒቨርሲቲ በጐበኙ ጊዜ ግን፣ ከኮምፒውተር ተማሪዎቹ ከግማሽ የሚበልጡት ሴቶች ሆነው፣ የፋኩልቲው ዲንና አብዛኞቹ የክፍል ኀላፊዎችም ሴቶች ሆነው አገኟቸው። ሴት ልጅ በሕግ ከወንድ እኩል የሆነችባት አገር በዚህ ትምህርት ሴት ስታጣ፣ ባህልና ሃይማኖት ሴትን ይገታል የምትባለው አገር ግን ክፍሉን በሴቶች ስትሞላ ማየት፣ ስለዚህ ጉዳይ በልማድ የምንናገረውን ሁሉ እንደ ገና እንድንመረምር የሚያስገድድ ነው።

ከማሌዢያ በፊት ግን ወደ ጥበቡ ልደት መመለስ ያስፈልጋል፤ ይህ ሥራ ሲወለድ በሴቶች እጅ ላይ እንደ ተወለደ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነውና። የሚያሰላ መኪና ከመሠራቱ አስቀድሞ ስሌቱን የሚሠራው ሰው ነበረ። የእኛ የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት አበቅቴንና መጥቅዕን አስልተው ጾመ ነነዌ የሚገባበትንና ትንሣኤ የሚውልበትን ቀን ዓመት በዓመት እንደሚያውጁ ሁሉ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በፊላዴልፊያ ከተማ፣ በፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሒሳብ የተማሩ ወጣት ሴቶች ተሰብስበው፣ ከመድፍ አፍ የወጣ ጥይት መድፉ ይህን ያህል ቀና ቢል፣ የአየሩም ክብደት ይህን ያህል ቢሆን፣ የት ላይ እንደሚወድቅ የሚያመለክት ሠንጠረዥ ያዘጋጁ ነበር። የአንዲት ጥይት መንገድ ብቻ በጠረጴዛ ላይ የሒሳብ መሣሪያ ሲሰላ ከ30 ሰዓት የሚበልጥ ድካም ይጠይቅ ነበር፤ ጦርነት ደግሞ ቀጠሮ አይሰጥም። ስለዚህ ኤኒያክ የተባለው፣ 18,000 የሚያህሉ ቫኩም ቲዩቦች የነበሩበትና 30 ቶን ያህል የሚመዝነው የኤሌክትሪክ መኪና እዚያው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተሠራ።

ይህን መኪና የሚያዝዝ ሰው ሲፈለግ፣ በ1945 ከእነዚያ የሒሳብ ሴቶች ውስጥ ስድስቱ ተመረጡ፤ ስማቸውም ኬይ ማክናልቲ፣ ቤቲ ጄኒንግስ፣ ቤቲ ስናይደር፣ ማርሊን ዌስኮፍ፣ ፍራንሲስ ባይላስና ሩት ሊክተርማን ይባላል። መኪናው የጦር ምስጢር ስለ ነበረ በመጀመሪያ ወደ ክፍሉ እንዲገቡ እንኳ አልተፈቀደላቸውም፤ የተሰጣቸው የንድፉ ወረቀት ብቻ ነበረ። መጽሐፍ የለ፣ መምህር የለ፤ ወረቀቱን በጠረጴዛ ላይ ዘርግተው፣ አንዱ መስመር ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ በጣታቸው እየተከተሉ፣ አንዷ የገባትን ላልገባት እያስረዳች፣ ለሁሉም የጠፋውን ከመሐንዲሶቹ እየጠየቁ ተማሩት። ፈቃዱ ከተሰጣቸውም በኋላ ከሰው ቁመት በሚበልጡት ሣጥኖች መካከል እየተዘዋወሩ፣ ወፍራሙን ገመድ ከአንዱ ቀዳዳ ነቅለው በሌላው እየሰኩ፣ ማዞሪያዎቹን አንድ በአንድ እያስተካከሉ መኪናውን ወደሚፈለገው ስሌት ይመሩት ነበር። በየካቲት ወር 1946 መኪናው ለሹማምንትና ለእንግዶች በተገለጠበት ቀን፣ እውነተኛው ጥይት ከመድፍ አፍ ወጥቶ ዒላማው ላይ እስኪወድቅ 30 ሴኮንድ የሚፈጅበትን መንገድ፣ ኤኒያክ በ20 ሴኮንድ አስልቶ ጨረሰው፤ ይህንንም ትእዛዝ ያዘጋጁት ጄኒንግስና ስናይደር ነበሩ። ከመካከላቸው አንዷ በኋላ እንደ መሰከረችው፣ በዚያው ዕለት ማታ በተደረገው የደስታ ራት ላይ ሴቶቹ አልተጠሩም። ከ40 ዓመት ገደማ በኋላ አንዲት ተማሪ የድሮውን ፎቶግራፍ አይታ በመኪናው አጠገብ የቆሙት ሴቶች እነማን ናቸው ብላ በጠየቀች ጊዜ፣ መኪናውን ለማሳመር የቆሙ ሞዴሎች ናቸው የሚል መልስ ተሰጣት።

ይህ የክብር ሥራ ለሴቶች እንዴት ሊሰጥ ቻለ? መልሱ ደስ የሚያሰኝ አይደለም፤ በዚያን ጊዜ ክብሩ መኪናውን በመሥራት ላይ ነው ተብሎ ስለ ታመነ፣ መኪናውን ማዘዝ ግን የጸሓፊ ሥራ ዓይነት ሆኖ ስለ ተቈጠረ ነው። ደጁ የተከፈተላቸው ከቤቱ ውስጥ ምን እንዳለ ባለቤቱ ስላላወቀ ነው ለማለት ይቻላል። የሆነ ሆኖ በተከፈተው ደጅ ብዙዎች ገቡ። በዬል ዩኒቨርሲቲ በ1934 በሒሳብ የዶክተርነት ማዕረግ የተቀበሉት ግሬስ ሆፐር፣ ሰው በሚገባው ቋንቋ የተጻፈውን ትእዛዝ ወደ መኪናው ቋንቋ የሚመልሰውን ፕሮግራም ካዘጋጁት ከመጀመሪያዎቹ አንዷ ሆነው፣ በአሜሪካ የባሕር ኀይል ውስጥ እስከ አድሚራልነት ደረሱ። በ1965 ደግሞ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ሳይንስ የዶክተርነት ማዕረግ የተቀበሉት፣ በዚህ ትምህርት በአሜሪካ ከመጀመሪያዎቹ ከሁለቱ ዶክተሮች አንዷ የነበሩት፣ መነኵሲት ነበሩ፤ እኅት ሜሪ ኬኔት ኬለር ይባላሉ። እኒህ እናት በምንኵስና ስእለታቸው ጸንተው በአዮዋ ግዛት በክላርክ ኮሌጅ የኮምፒውተር ትምህርት ክፍል መሥርተው ለብዙ ዓመታት መርተዋል። ገዳምና ኮምፒውተር ምን አገናኛቸው የሚል ቢኖር፣ በእኛም አገር የዘመንን ቍጥር ጠብቆ ያቈየው ማን እንደ ሆነ ያስብ።

እንግዲህ የተከፈተው ደጅ እንዴት ተዘጋ? መዘጋቱ በአንድ ቀን አልሆነም። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዓመታት የፕሮግራም ሠሪ ችግር በየመሥሪያ ቤቱ በርትቶ ደመወዙ ከፍ ባለ ጊዜ፣ ድርጅቶች ሠራተኛ ለመምረጥ የእንቆቅልሽና የሒሳብ ፈተና ማዘጋጀት ጀመሩ፤ በ1966 ካነንና ፔሪ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቡና ሊቃውንትም በሥራው ላይ ያሉትን፣ አብዛኞቹ ወንዶች የነበሩትን ፕሮግራም ሠሪዎች መርምረው፣ ለዚህ ሥራ የሚስማማው ሰው ከሰው ጋር መዋልን የማይወድ ነው የሚል አሳብ አወጡ። ይህ አሳብ ለሠራተኛ መምረጫ ሲውል፣ ዝምተኛና ብቸኛ ወንድ የሥራው ምሳሌ እየሆነ ሄደ። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለው ሰው ከገባ በኋላ፣ ቀጥሎ የሚመጣው መርማሪ ያንኑ ሰው መልሶ ያገኛል፤ ሳይንስ መሆኑ የቀረው እዚህ ላይ ነው ባይ ነኝ።

ይሁን እንጂ በዩኒቨርሲቲው በኩል የሴቶች ቍጥር ገና እየጨመረ ነበር። በአሜሪካ በ1984 በኮምፒውተር ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪ ከተቀበሉት ውስጥ ከመቶ 37 ያህሉ ሴቶች ነበሩ። ከዚያ በኋላ ቍልቍለቱ ተጀመረ፤ ሩብ ምእት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥም ወደ 18 ወረደ። በዚያው ዘመን በሕክምናና በሕግ ትምህርት የሴቶች ቍጥር ሽቅብ ሲወጣ፣ ይኸኛው ብቻ ወደ ታች የወረደበት ምክንያት ብዙዎችን አስጨንቋል። ምክንያቱን በቅርብ ያዩት ጄን ማርጎሊስና አላን ፊሸር ናቸው፤ በፒትስበርግ ከተማ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ከመቶ የሚበልጡ ተማሪዎችን ለዓመታት እያነጋገሩ ጥናታቸውን በ2002 በመጽሐፍ አወጡ። ያገኙት ነገር ታላቅ ምስጢር አልነበረም፤ በ1980ዎቹ ዓመታት ኮምፒውተር ወደ መኖሪያ ቤት በገባ ጊዜ፣ ማስታወቂያው የወንድ ልጅ መጫወቻ አድርጎ ስላቀረበው፣ አባትየው ገዝቶ ሲያመጣው የሚያስቀምጠው በወንዱ ልጅ ክፍል ውስጥ ነበረ። እኅትየዋ መንካት ብትፈልግ የወንድሟን ደጅ ማንኳኳት ነበረባት። ከአሥር ዓመት በኋላ ሁለቱም በአንድ የዩኒቨርሲቲ ክፍል ሲገናኙ፣ መምህሩ ትምህርቱን የሚጀምረው ወንዱ ልጅ በክፍሉ ተዘግቶ ከተማረው ቀጥሎ ካለው ነው። በሒሳብ ከክፍሉ አንደኛ የነበረችው ልጅ በጥቂት ወራት ውስጥ «እኔ ለዚህ አልተፈጠርሁም» ብላ ስትወጣ፣ መምህሩም ቃሏን አምኖ ይሸኛታል።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ ወደ አእምሮዬ የመጡት የጎጃሟ የቅኔ መምህርት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ናቸው። ዓይነ ሥውርና ሴት ሆነው፣ ወንዶች ብቻ በሚቀመጡበት በቅኔ ጉባኤ እንዴት ታላቅ መምህር ሊሆኑ ቻሉ ቢባል፣ የአእምሯቸው ታላቅነት እንዳለ ሆኖ፣ ጉባኤው የተዘረጋው በአባታቸው በመሪጌታ ሐዲስ ደጅ ስለ ነበረ ነው። ቅኔ ለመማር እንደ ወንዱ ተማሪ ደበሎ ለብሰው፣ አኵፋዳ አንግተው፣ ውሻ እየተከላከሉ ከደብር ወደ ደብር መሄድ ግድ ቢሆንባቸው ኖሮ፣ ዛሬ ስማቸውን ባላወቅን ነበር።

አሁን ወደ ማሌዢያ ልመለስ፤ ይህችን አገር ከሌሎቹ አስበልጬ ብዘገይባት ይቅርታ ይደረግልኝ። በ1969 በግንቦት ወር በኩዋላ ላምፑር በማላዮችና በቻይና ተወላጆች መካከል ደም ያፈሰሰ ሁከት ከተነሣ በኋላ፣ መንግሥቱ በ1971 አዲስ የኢኮኖሚ መመሪያ አውጥቶ፣ በገጠር በድኽነት ይኖሩ ለነበሩት ማላዮች በዩኒቨርሲቲ ወንበር ጠበቀላቸው፤ የትምህርት ድጎማም ሰጣቸው። መመሪያው ሲወጣ ስለ ሴት ልጅ የታሰበ ነገር አልነበረም፤ የታሰበው ስለ ዘር ነው። ነገር ግን ለዘሩ የተከፈተው በር ለወንዱም ለሴቷም የተከፈተ ስለ ሆነ፣ በትምህርቷ የበረታችው የገጠር ልጅ ከወንድሟ ጋር ገባች፤ ውሎ አድሮም በቍጥር በለጠችው።

በሌላ ወገን፣ በ1972 በፔናንግ ደሴት ባያን ሌፓስ በተባለው ሥፍራ ከቀረጥ ነጻ የሆነ የፋብሪካ መንደር ተከፍቶ፣ ኢንቴል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከአገሩ ውጭ የመጀመሪያውን የመገጣጠሚያ ፋብሪካ እዚያ አቋቋመ። ከየመንደሩ የመጡ ወጣት ማላይ ሴቶች ዓይናቸውን በማይክሮስኮፕ ላይ ተክለው ከጠጕር የቀጠነውን ሽቦ በቺፑ ላይ ሲያጣብቁ ይውሉ ነበር። የሥራው ጭንቀት እንዲህ ቀላል አልነበረም፤ በፔናንግ የተወለዱት የሥነ ሰብእ ተመራማሪ አይህዋ ኦንግ በ1987 ባሳተሙት መጽሐፍ እንደ ጻፉት፣ በእንዲህ ያሉ ፋብሪካዎች ውስጥ አንዷ ሠራተኛ በማይክሮስኮፑ ውስጥ መንፈስ አየሁ ብላ ስትጮኽ ሌሎቹም ተከትለው እየጮኹ ይወድቁ ስለ ነበረ፣ ሥራው ቆሞ፣ የአገሩ ባለመድኀኒት ተጠርቶ፣ በፋብሪካው ግቢ ፍየል እስከ ማረድ ተደርሷል። ዛር የሚሉትን ነገር ለሚያውቅ ለእኛ አገር ሰው፣ የአሜሪካ ኩባንያ ሥራ አስኪያጅ ቆሞ የዛር ፍየል ሲያሳርድ ማሰብ ፈገግ ያሰኛል፤ ለሴቶቹ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ከዚህ የሚቀረው ቁም ነገር፣ የኤሌክትሮኒክ ዕቃና የሴት እጅ በማሌዢያ ሰው ዓይን እንግዳ ነገር መሆኑ ከዚያ ትውልድ ጀምሮ መቅረቱ ነው። በ1996 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ማሃቲር ሞሐመድ አገሪቱ በኮምፒውተር ጥበብ ትበለጽጋለች ብለው ታላቅ የልማት ዕቅድ ባወጁ ጊዜ፣ እንጀራው በየት በኩል እንዳለ ወላጆች ሁሉ አወቁ።

ላገሰን በማላያ ዩኒቨርሲቲ ያሉትን ሴት ተማሪዎች፣ የስዊድኑ ተመራማሪ ኡልፍ ሜልስትሮም ደግሞ በፔናንግ ባለው ዩኒቨርሲቲ ያሉትን በየጊዜያቸው አነጋግረዋል፤ የሜልስትሮም ጽሑፍ በ2009 የወጣው፣ የኮምፒውተር ሳይንስ በማሌዢያ የሴቶች የሆነው ለምንድን ነው ብሎ በመጠየቅ ነው። ተማሪዎቹ፣ ትምህርቱ የወንድ ነው የሚለውን አሳብ እንደ እንግዳ ነገር ተመለከቱት። ኮምፒውተር የሚሠራው በቢሮ ውስጥ ነው፤ ፀሓይ አይመታም፣ አቧራ የለበትም፣ ከባድ ዕቃ አይነሣበትም፣ ከማያውቁት ወንድ ጋር በሜዳ መዋል አይጠይቅም፤ ቢያስፈልግም ልጅ እያሳደጉ በቤት ውስጥ ሊሠሩት ይቻላል። የወንድ ሥራ የሚባለው፣ የራስ መከላከያ ቆብ አጥልቆ ከሠራተኞች ጋር በሕንፃ ሥራ ላይ የሚውለው የሲቪል መሐንዲስ ሥራ ነው። አባትም እናትም በዚህ ተስማምተው ልጃቸውን መርቀው ይሰዷታል።

ልብ በሉ፤ ሴት ልጅ የቤት ናት የሚለው ያው የጥንቱ አሳብ አልጠፋም። በአሜሪካ ኮምፒውተሩ በወንድ ልጅ ክፍል ስለ ተቀመጠ ሴቷን ያስቀራት አሳብና፣ በማሌዢያ ኮምፒውተሩ በቢሮ ውስጥ ስለ ተቀመጠ ሴቷን ያስገባት አሳብ ሥር መሠረታቸው አንድ ነው፤ የተለያየው መኪናው የተቀመጠበት ክፍል ነው። ስለዚህ ማሌዢያን የሴቶች ገነት አድርገው ለሚያመሰግኑ ሰዎች እኔ አልጨምርላቸውም፤ ልጅቱ ወደዚህ ክፍል የገባችው ከሕንፃው ሥራ ሜዳ ስለ ተከለከለች ጭምር ነውና። ነገር ግን ዲግሪ ዲግሪ ነው፤ ደመወዝም ደመወዝ ነው፤ የዲንነቱንም ወንበር የያዘችው ራሷ ናት።

ስለ ዐረብ አገሮች ብዙ አልዘገይም። በሳዑዲ ዐረቢያ ለረጅም ዘመን የሴቶች ትምህርት ከወንዶች ተለይቶ፣ መምህሩ ወንድ ሲሆን ተማሪዎቹ በሌላ ክፍል ተቀምጠው በቴሌቪዥን መስኮት ይከታተሉት ነበር፤ ብዙው የምሕንድስና ዘርፍ ተዘግቶባቸው ሳለ፣ የኮምፒውተር ትምህርት ስለ ተፈቀደላቸው ብዙዎች ወደዚያው ጐረፉ። ከተማሩ በኋላ ሥራ ማግኘት ግን ሌላ ነገር ነበረ፤ በ2017 አካባቢ ሥራ ከያዙትና ሥራ ከሚፈልጉት መካከል የሚቈጠሩት የሳዑዲ ሴቶች ከአምስቱ አንዷ አይሞሉም ነበር፤ መኪና እንዲነዱ በተፈቀደላቸው በ2018 እና ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ከሦስቱ አንዷን አልፈዋል። በሳዑዲ ቤቶች ውስጥ የቤቱ ልጅ ስታጠና፣ ወጥ የሚሠራውና ልብስ የሚያጥበው በአብዛኛው ከባሕር ማዶ የመጣ የሰው እጅ መሆኑን፣ ከእነዚህም ብዙዎቹ የእኛ አገር ልጆች መሆናቸውን ሳልናገር ባልፍ ኅሊናዬ ይወቅሰኛል።

በሕንድ አገር ደግሞ አንድ አገር ሁለት ዓይነት ደጅ ይዞ ይታያል። ሮሊ ቫርማ የተባሉት ተመራማሪ እንዳገኙት፣ የሕንድ ወላጆች የኮምፒውተርን ትምህርት ንጹሕ፣ የአእምሮ ሥራና የሚያስከብር ሥራ አድርገው ስለሚያዩት ሴት ልጃቸውን ወደዚያው ይገፋፋሉ፤ በየከተማው ባሉት ኮሌጆችም የሴቶቹ ቍጥር ከአሜሪካ እጅግ ይበልጣል። የአገሪቱ ዋና የቴክኖሎጂ ተቋማት ወደሚባሉት ሲመጣ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ፈተናው እጅግ ብርቱ ስለ ሆነ፣ ብዙ ተማሪዎች እንደ ኮታ ወዳለችው የራጃስታን ከተማ ሄደው ከቤተ ሰብ ተለይተው አንድ ሁለት ዓመት ለፈተናው ብቻ ይዘጋጃሉ፤ ለወንድ ልጅ ይህን የሚከፍል አባት ለሴት ልጁ ገንዘቡንም ፈቃዱንም ይነፍጋል። ስለዚህ በእነዚያ ተቋማት የሴቶች ቍጥር ከመቶ አሥር እንኳ ሳይሞላ ቈየ።

ማሪያ ቻርልስና ካረን ብራድሊ የተባሉ ሁለት የኅብረተሰብ ሊቃውንት በ2009 የ44 አገሮችን የትምህርት መዝገብ አስተያይተው፣ ሀብታም በሆኑት አገሮች ወንዱና ሴቷ በየፈርጁ ተለያይተው መማራቸው ከሌሎቹ ይልቅ ጐልቶ መታየቱን አስረድተዋል። ይህን የሰሙ አንዳንድ ሰዎች፣ እንግዲያው ነጻነት ሲሰፋ የሴት እውነተኛ ባሕርይ ይገለጣል፤ ሴት በባሕርይዋ ይህን ትምህርት አትወድም ማለት ነው ይላሉ። እኔ የምመልስላቸው በዚያው በአሜሪካ ቍጥር ነው። የሴት ባሕርይ በ1984 ከመቶ 37 የነበረ፣ ሩብ ምእት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ 18 የሚሆን ከሆነ፣ እንዲህ ያለውን ተለዋዋጭ ነገር የጥንት ፈላስፎች ባሕርይ ብለው አልጠሩትም። በአሥራ ስምንት ዓመቷ የልብሽን ተከተዪ የተባለች ልጅ፣ ልቧን እስከዚያ ቀን ድረስ ማን ሲቀርጸው እንደ ኖረ አትጠየቅም፤ ለእንጀራ ስትል የምትማረዋ ግን ልቧን ትታ ወደ ጥቅሟ ታያለች።

የተዘጋውን ደጅ ለመክፈት ብዙ ዘመን እንደማያስፈልግ ደግሞ በሥራ ታይቷል። በካርኔጊ ሜለን፣ ማርጎሊስና ፊሸር ያገኙትን መሠረት አድርገው፣ ተማሪ ሲመረጥ አስቀድሞ ፕሮግራም መጻፍ ማወቁ ብዙ እንዳይመዘን፣ የመጀመሪያውም ዓመት ትምህርት እንደ ተማሪው ልምድ በተለያየ መግቢያ እንዲጀመር አደረጉ፤ በ1995 ከመቶ 7 የነበሩት አዲስ ገቢ ሴቶች በ2000 ዓመት 42 ደረሱ። በካሊፎርኒያ በሃርቪ ማድ ኮሌጅም፣ ማሪያ ክላዌ በ2006 ፕሬዚዳንት ከሆኑ በኋላ፣ ከቤት ተምረው የመጡት ከጀማሪዎቹ ተለይተው እንዲማሩ በማድረጋቸውና በመሳሰሉት ለውጦች፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከመቶ 10 ያህል የነበሩት 40 ያህል ሆኑ። ክፍሉን ከፍሎ ማስተማር ቀላል ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ አውቃለሁ ባይ ልጅ በክፍሉ ውስጥ እየተናገረ ሌላውን ዝም የሚያሰኝበትን ሁኔታ ያስተማረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በትሮንድሃይምም በ1997 ለሴቶች ተጨማሪ ወንበር ተሰጥቶ በየጋዜጣው ጥሪ በተደረገ ጊዜ፣ የሴቶቹ ቍጥር በአንድ ዓመት ውስጥ ከተማሪዎቹ ከሢሶ በለጠ። በአንድ ዓመት የሰው ባሕርይ አይለወጥም።

ሴቶች በዚያ ክፍል ቢኖሩ ባይኖሩ ለቀረው ሕዝብ ምን ይጠቅመዋል ለሚል ሰው አንድ ነገር ብቻ ልጥቀስ። በ2018 ጆይ ቡኦላምዊኒና፣ በአዲስ አበባ የተወለዱት ዶክተር ትምኒት ገብሩ፣ ታላላቅ ኩባንያዎች የሚሸጧቸውን፣ የሰው ፊት አይተው ወንድ ነው ሴት ናት ብለው የሚለዩትን ፕሮግራሞች መረመሩ። መኪናው ነጭ ወንዶችን ሲመለከት ስሕተቱ ከመቶ አንድ አይሞላም፤ ጥቁር ሴቶችን ሲመለከት ግን ስሕተቱ ከመቶ እስከ 34.7 ደረሰ። ኩባንያዎቹ ዕቃውን ሲሸጡ ይህን ቍጥር ለሕዝብ አላወጡትም ነበር፤ ለክተው ያወጡት እነዚህ ሁለት ጥቁር ሴቶች ናቸው። ዶክተር ትምኒት በዚያው ዘመን ጥቁሮች ተመራማሪዎች የሚተጋገዙበትን ማኅበር ሲመሠርቱ አብረዋቸው ከመሠረቱት አንዷ፣ አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉት ዶክተር ረድኤት አበበ ናቸው፤ እርሳቸውም በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ሳይንስ የዶክተርነት ማዕረግ የተቀበሉ የመጀመሪያዪቱ ጥቁር ሴት ሆነዋል። ሁለቱም ይህን ትምህርት በከፍተኛ ደረጃ የተማሩት በአሜሪካ መሆኑን ለማስታወስ እወዳለሁ፤ እዚህ ያለን መምህራን ለምን ብለን ብንጠይቅ ነውር አይሆንም።

አሁን ጥያቄ የሚያነሡ ሰዎች እጃቸውን ለማውጣት ሲዘጋጁ አያለሁ፤ ከእነርሱም አንዱ፣ ለሴት ተለይቶ ወንበር መስጠት ለወንዱ ግፍ አይሆንም ወይ እንደሚለኝ እገምታለሁ። አስቀድሜ ልመልስ። የሕንድ የቴክኖሎጂ ተቋማት በ2018 ለሴቶች ከመቶ 14፣ በ2020 ደግሞ ከመቶ 20 እንዲሆን ወንበር ሲሰጡ፣ ወንበሩን የጨመሩት ከነበረው ቍጥር በላይ ነው እንጂ ከነበረው ላይ ቀንሰው አይደለም። የሚገቡትም ሴቶች ያንኑ ብርቱ ፈተና ያለፉ ናቸው። ከወንድ ተማሪ የተነጠቀ አንድም ወንበር የለም። በዚህ የማይስማማ ካለ፣ ሊቀ መንበሩ ለውይይት የፈቀዱልን ጊዜ ገና ብዙ ስለ ሆነ፣ ክርክሩን ከዚሁ ነጥብ እንጀምረው።